ሬዲዮ ዝም ያለችበት ቀን

የሰፈሩን ፀጉር ሠሪ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሬዲዮ» ነው የሚላት። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ባል ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ «ተፈጥሮዬ ነው» አለ፣ ሁሉም የሚሰራጨው ከእሷ ወንበር ነው። አፏ ዝም ሲል የታየው ፒን በጥርሷ ስትይዝ ብቻ ነው።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትኮራባት አንዲት ወይዘሮ ነበረች፤ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ፣ ሁሉንም «የኔ ቆንጆ» የምትል። የሟች እህቷን ልጅ ከባሏ ጋር ሆና ታሳድጋለች ተብሎ ሰፈሩ ሰማይ ላይ ሰቅሏታል። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። መጀመሪያ ይዛት ስትመጣ፣ ሬዲዮ ሚዶውን ከማንሳቷ ልጅቷ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምነው እቴ፣ ሚዶ እኮ ነው፤ ዱላ መሰለሽ?» ብላ ሬዲዮ ሳቀች። አክስትየዋም ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ሬዲዮም አልሳቀችም። ሹሩባ ልትሠራት ፀጉሯን ስትከፍል ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ክብ የቃጠሎ ጠባሳ አየች፤ አናቷ ላይ ደግሞ ፀጉሯ ከሥሩ ተነጭቷል። በዚያ ሙቀት ሹራቧን አላወልቅም ብላለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ደረጃ ላይ ወድቃ። አታርፍም እኮ፣ ጦጣ ናት» አለች አክስትየዋ።

ሬዲዮ በልቧ «ደረጃው ሲጋራ ያጨሳል እንዴ?» አለች። አፏ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘላት። የወይዘሮዋን ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልላ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ከተተቻት። ካስኩ ሲያጓራ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም።

ለልጅቷ ዳቦ ሰጠቻት። ግማሹን ሳታላምጥ ዋጠችው፤ ግማሹን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለማታ። ሲቆለፍብኝ።»

ሬዲዮ ጥያቄ ልታዘንብባት ዳድቷት ተወችው፤ ካጨናነቀቻት ጭራሽ ልትዘጋ ትችላለች። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ እናት» አለቻት።

«ለአክስቴ ትነግሪያታለሽ?»

«ለእሷ አልነግርም። ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ግን እነግራለሁ።»

ወይዘሮዋን አሳምራ፣ ፈገግ ብላ ሸኘቻት። ያንን ፈገግታ ስታስበው እስከ ዛሬ በራሷ ታፍራለች። እንደወጡ ቤቱን ቆልፋ፣ ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የሕፃናት ጉዳይ መርማሪዋ የዚያው ሰፈር ልጅ ናትና አወቀቻት። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ጠየቀቻት።

«ይሄን ለስንት ሰው አውርተሻል?»

«ለማንም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ? እንግዲያው ነገሩ የምር ነው።»

ወዲያው ተነስታ ሄደች። ልጅቷ ሐኪም ካያት በኋላ ለአባቷ እናት ተሰጠች፤ አክስቷና የአክስቷ ባል ፍርድ ቤት ቀረቡ። አቃጣዩ እሱ፣ ቆላፊዋ እሷ ሆነው ተገኙ።

ሰፈሩ ግን አላጨበጨበም። ግማሹ «ቤት አፍራሽ» ብሎ ሌላ ፀጉር ቤት ሄደ። አንዷ የድሮ ደንበኛ ፀጉሯን ልትታጠብ መጥታ «በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባሽ?» አለቻት።

«የሰው ባል የት እንዳመሸ ስነግርሽ ወንበር ስበሽ ትጠጊኝ ነበር» አለች ሬዲዮ። «ያኔ ምን አገባሽ አላልሽኝም።»

ሴትዮዋ አንገቷን ወደ ገንዳው ዘንበል አደረገች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሬዲዮም ላሙቀው አላለችም።