አጎቴ ጺማሙን የላጨ ዕለት

አጎቴ ጸጉር አስተካካይ ነው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ ረጅም መስታወትና ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች የተቀመጠ አግዳሚ አለ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ግን ለማንም አይሰጥም። አዲስ ሰው ዘው ብሎ ሊቀመጥበት ሲል «እሱ ለሰው ነው» ይለዋል። «ለማን?» ሲባል መልሱ «ሲመጣ ታየዋለህ» ነው።

የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጎዳና የሚያድር ሰው ነው። አጎቴ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ በየበረንዳው የተኙትን ሰላም እያለ ያልፋል። ማን ሥራ እንደሚፈልግና ማን ለጊዜው ዝም እንዲሉት ብቻ እንደሚፈልግ ከሰላምታቸው እለያለሁ ይላል። ሥራ የሚፈልገው ከሱቁ ጀርባ ባለው ቧንቧ ይታጠብና አግዳሚው ላይ ይጠብቃል። ከዚያ ሠራተኛ የቸገረው ደንበኛ ሲመጣ አጎቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና እስከ አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ይሸፍናቸዋል። ያኔ የሚታየው ሁለት ጭንቅላት ብቻ ነው። የማን ጫማ እንደተቀደደ፣ የማን ኮት እንደተጣፈ የሚያይ የለም።

«እንዴት ነው ጋራዡ?» ይላል ወደ አንዱ ጭንቅላት ዞሮ።

«ሰው የለም ጋሼ። የሚመጣው ሁሉ መፍቻና መዶሻ አይለይም።»

«ይሄ አጠገብህ ያለው መኪና ሲያጥብ ነው ያደገው። እስቲ ጠይቀው።»

ሁለቱ ጭንቅላቶች በመስታወቱ ውስጥ ይተያያሉ፤ ወሬ ይጀምራሉ። የሥራ ፈላጊው ጨርቅ ቀድሞ ሲነሳ ባለ ጋራዡ አጠገቡ የነበረው ሰው ምን እንደለበሰ ያያል። ግን ነገሩ አልቋል፤ «ነገ ጠዋት ና» ብሎታል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። በዚያ ላይ የገዛ ጸጉሩ ገና ግማሹ አልተቆረጠም፤ ቃሉን ቢያጥፍ አጎቴ መቀሱን ይዞ ከኋላው ቆሟል።

ሁሉም ይሳካለታል ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ እንቅልፋሙ የሚባል ሰው ከጸጉር ቤቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ዳቦ ቤት አስገባ። ሰውየው ሞቅ ያለውን የዱቄት ክፍል ሲያይ ጆንያ ላይ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ባለ ዳቦ ቤቱ ዱቄት ሊቀዳ ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ የነጣ ሰው ተዘርግቶ አገኘና ጮኾ ሰፈሩን አናወጠው።

«ስንት ዘመን ብርድ ላይ የተኛ ሰው ሙቀት ሲያገኝ ምን ያድርግ?» አለ አጎቴ ሲነገረው። ተስፋም አልቆረጠም፤ ለእንቅልፋሙ የሌሊት ጥበቃ ሥራ ፈለገለት። አሁን ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነቃል፣ የሚከሰውም የለም። ባለ ዳቦ ቤቱ ግን ከዚያ ወዲህ አጎቴን ሲያይ መንገድ ይሻገር ጀመር።

ጺማሙ ሥራ የፈለገው እዚያ ዳቦ ቤት መሆኑ ነው ችግሩ። አጎቴ ባለ ዳቦ ቤቱን እንደ ሌሎቹ ጨርቅ አልብሶ ወንበር ላይ እንዳያስቀምጠው ሰውየው መላጣ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ጸጉር ቤት የሚያመጣው ጉዳይ የለም።

ጺማሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጺሙ ደረቱ ላይ ተኝቶ፣ ጸጉሩ ከጺሙ ጋር ገጥሞ፣ ከፊቱ የሚታየው አፍንጫውና ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ። ይሠራበት የነበረው የሳሙና ፋብሪካ ሲዘጋ መጀመሪያ ቤቱን ለቀቀ። ከዚያ እናቷ የሞተችባትን ትንሽ ልጁን እህቱ ዘንድ አስቀምጦ «ሥራ ይዤ እመጣለሁ» ብሏት ወጣ። ልጅቷ አሁን ማንበብ ጀምራለች፤ እሱ አልተመለሰም። ትምህርት ቤቷ ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ ነው። ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያታል፤ አክስቷ እጇን ይዛ ስትወስዳት ጥግ እስኪያዞሩ ይቆማል።

«ለምን አታናግራትም?» አለው አጎቴ አንድ ቀን።

«ሥራ ይዤ እመጣለሁ ነው ያልኳት ጋሼ። አሁን ሄጄ ምን ልበላት?»

አጎቴ በማግስቱ ሽርጡን እንኳን ሳያወልቅ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ።

«ያንተን ሰው በፊቴ እንዳታነሳ!» አለው ባለ ዳቦ ቤቱ ገና ከበሩ ሲያየው። «እንቅልፋሙ ይበቃኛል።»

«ይሄኛው ሌላ ነው። ጺማሙ ነው።»

ባለ ዳቦ ቤቱ እጁን ከሊጡ አወጣ። «ደጄን የሚጠርገው?»

«እሱው።»

«ማንም ሳያዘው? አንድ ቀን እንኳን እጁን ሳይዘረጋብኝ? እሱን እወስደዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ይምጣ። ግን እሱን ብቻ! አውቅሃለሁ፣ ሌላ ሰው ተክተህ ብትልክ ከደጄ ነው የምመልሰው።»

አጎቴ እየበረረ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ እያየሁ ጺማሙን መስኮቱ ዳር አስቀመጠው። በሌላኛው ወንበር ላይ የሰፈራችን ሾፌር ጺሙን ሊላጭ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ይጠብቅ ነበር።

«ከሥር ከሥሩ ብቻ ቢነሳልኝ አይበቃም?» አለ ጺማሙ።

«ምን ማለትህ ነው? ዳቦ ቤት እኮ ነው የምትገባው! ጸጉር ያለበት ዳቦ ማን ይገዛል?»

አጎቴ ሥራውን ይወዳል። መጀመሪያ በመቀስ፣ ቀጥሎ በቶንዶስ፣ መጨረሻ ላይ በምላጭ። በየመሃሉ ወደ ኋላ ይሸሽና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል። ሾፌሩ አረፋው ፊቱ ላይ ሊደርቅ ሲል ቢያጉረመርም ግማሽ ፊቱን ላጭቶለት ወደ ጺማሙ ተመለሰ። በመጨረሻ ጨርቁን ሲያነሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አገጩ ስርጉድ ያለ፣ ጉንጩ የጠራ፣ እኛ አይተነው የማናውቅ ጎልማሳ ነበር።

«ጋሼ፣ የቅድሙን ሰውዬ የት አደረስከው?» አለ ሾፌሩ።

ጺማሙ ጉንጩን እየዳሰሰ መስታወቱን አየ። «ታናሽ ወንድሜን መሰልኩ» አለ።

አጎቴ የራሱን ንጹሕ ሸሚዝ አልብሶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ሸኘው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ሌላኛው ጉንጭ ዞረ። አረፋውን እንደገና ቀብቶ ምላጩን ገና ሳያሳርፍ ጺማሙ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምነው? ምን ረሳህ?»

«ሥራው ተይዟል አለኝ።»

«ተይዟል? ማን ያዘው?»

«እኔ» አለ ጺማሙ። «ጺማም ሰው እየጠበቅሁ ነው፣ ለእሱ ቃል ገብቻለሁ፣ አንተን አላውቅህም አለኝ። ለዚያ ጸጉር አስተካካይ አታታልለኝም በልልኝ ብሏል።»

ሾፌሩ ሳቁ አመለጠው። አጎቴ ግን ምላጩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ጺማሙ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ወለሉ ላይ የተበተነውን የገዛ ጺሙን ያይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በግልጽ ይታያል፤ ሐዘን ሲገባበትም ያለ መሸፈኛ ነው የታየው። «ዛሬ ስትወጣ አናግራታለሁ ብዬ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ይህን ሲሰማ አጎቴ ነቃ። ነጩን ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጋ፤ ጺሙን ከየጥጉ ጠራርጎ ጨርቁ ላይ አፈሰና ቋጠረው።

«ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ማስረጃ ነዋ! ተነሱ፣ ሁላችሁም ተነሱ!»

ወጣን። አጎቴ ቋጠሮውን ይዞ ከፊት፣ ጺማሙ አንገቱን ደፍቶ ከኋላው፣ እኔ ቀጥሎ፤ ሾፌሩ ደግሞ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ አንገቱ ላይ ፎጣ አስሮ ተከተለን። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። አጎቴ ዳቦ ቤቱ እንደገባ ቋጠሮውን ሊጥ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ፈታው።

«ይኸው ጺሙ! እመን!»

«ኧረ በሕግ!» ባለ ዳቦ ቤቱ ዘሎ ሊጡን በክንዱ ከለለ። «ዳቦ ቤቴ ውስጥ ጸጉር ትበትናለህ? ዓይንህን በጨው አጥበህ! አውጣልኝ!»

አጎቴ ያደረገው ያኔ ነው የገባው። ጨርቁን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለ ሾፌሩ። «በዓይኔ እያየሁ ነው የተላጨው።»

«አንተ ደግሞ ተላጭተህ ጨርስና መስክር» አለው ባለ ዳቦ ቤቱ። «ስሙኝ፣ እኔ ቃሌን አላጥፍም። ያ ሰው ሲመጣ ቦታውን ለሌላ ሰጠሁት ልበለው? ይሄ ያመጣኸው ሰው የአጎትህ ልጅ ይሁን የእህትህ አላውቅም። አልወስደውም፣ በቃ!»

የባለ ዳቦ ቤቱ ሚስት መሸጫው ጋ ቆማ ሁላችንንም በየተራ ታየን ነበር። አጎቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጺማሙ ቀደመው።

«እኔ የምተኛው ከጀርባ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ምድጃው ከተደገፈበት ግድግዳ ውጪ። ይሞቃል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፅ ያወጣል። እርስዎ ጎሕ ሲቀድ ሊጡን ሲያቦኩ 'ተነሽ የኔ ቆንጆ፣ ተነሽልኝ እንጂ' ይሉታል።»

የሚስቱ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ።

«ሲነሳልዎ ይዘፍናሉ። ካልተነሳ ደግሞ 'እንደ አማቴ ኮራሽብኝ' ይሉታል።»

«እናቴን?» አለች ሚስት።

«ይበቃል!» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ። «አምኛለሁ፣ እሱ ነው!»

ጺማሙ ግን አንዴ ጀምሯል፤ ለልጁ ሲል የማያወጣው ነገር አልነበረም። «ያረረብዎትንም ዳቦ 'እሷ እንዳታይ፣ እሷ እንዳታይ' እያሉ በኋላው መስኮት ይወረውሩታል። እኔ ነኝ የምበላው። ደጁን የምጠርገውም ለዚያ ነው። ዝም ብሎ መብላት ከበደኝ።»

ሚስትየው ወገቧን ያዘች።

«አይጥ ነው የሚበላው ያልከኝ ዳቦ?»

የባለ ዳቦ ቤቱ መላጣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀላ። ሾፌሩ ሲስቅ አረፋው እየተፈናጠረ ወለሉ ላይ ወረደ። አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን በዚያው ሽርጡ ይጠርግ ነበር። መጨረሻ ላይ ሚስትየውም አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ።

«ግባ ወንድሜ፣ ግባ» አለችው ጺማሙን። «አንተ እዚህ ካለህ ዳቦ አያርርም።»

«ሰላይ ልትቀጥሪብኝ ነው?» አለ ባሏ።

«እስካሁንም ሲሰልልህ ነበር። አሁን በደመወዝ ይሁንለት።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ከግድግዳው ላይ ነጭ ሽርጥ አውርዶ ለጺማሙ ወረወረለት። «ያንን ትሪ አንሳ» አለው። ጺማሙ ሽርጡን ሲያስር ቋጠሮው እምቢ አለው፤ አጎቴ ከኋላ ሄዶ አሰረለት።

ከሰዓት በኋላ በጸጉር ቤቱ መስኮት ስናይ ጺማሙ ከዳቦ ቤቱ ወጣ። ሽርጡን እንዳሰረ ነበር፤ ክንዱ ድረስ ዱቄት ሆኗል። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ልጆቹ መውጣት ጀምረዋል። አጎቴ ቶንዶሱን እንደያዘ በሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ።

«አንተ! ሽርጡን አውልቅ እንጂ፣ ዱቄት ብቻ ሆነህ የት ነው የምትሄደው?»

ጺማሙ ዘወር አለ። ያ አዲስ ፊቱ ጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ተወኝ ጋሼ፣ ትየው!» አለና መንገዱን ተሻገረ።