በመስኮታችን ላይ የነበረችው ጉጉት

ወልድያ ውስጥ በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት ልጅ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ «ቲቸር፣ ጉጉት አጥፈሽ ሥሪልኝ» አለችኝ። የወረቀቱ ሽታ መርሳ ከተማ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ።

ያኔ በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በእግሩ ወደ ደሴ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ወረቀት ማጠፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። የጎረቤት ልጆች ተኩስ ሰምተው ሲያለቅሱብኝ፣ ላባብላቸው ብዬ ከሱ የሂሳብ ደብተር ገነጠልኩና አብረን ጉጉት ሠራን። መስኮቱ ላይ አስቀመጥናት።

ጎረቤታችን ሼህ ይመር ሊጠይቁን ሲገቡ አዩዋት።

«ልጄ፣ ሰው መንገድ በወጣበት ቤት ጉጉት አይቀመጥም። ሞት ትጠራለች ይባላል፤ ፍቺያት» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ወረቀት እኮ ናት፣ አባባ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እናትሽ እንዳታያት ብዬ ነው።»

ፈታኋት። ውስጧ የሰይድ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ሼህ ይመር ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ደጋግመው ዳበሱት፤ እጥፋቱ አልለቀቀም። ደብተሩ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። እዚያው አለ። ከሰይድ እስካሁን ወሬ የለም።

«ጉጉት አላውቅም፣ እርግብ ልሥራልሽ» አልኳት ልጅቷን። እጄን ሳየው ግን የጉጉቷን ሁለት ጆሮዎች አጥፌ ጨርሻለሁ።