ቢጫ ክር ይዤ እስከ ጎሮ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሃያ ሁለት ሰፈር

ከቤት ስወጣ ሰፈሩ ገና አልተነሳም። በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በሌላው ጃንጥላ። ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ቱባ ቢጫ ክር፣ አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ፣ ከብስክሌት ሽቦ ተስለው የተሠሩ አራት የሹራብ መርፌዎች፣ እማዬ የቋጠረችልኝ በሶ፣ ደግሞ የቀለም አነካከር የምጽፍበት ደብተሬ አለ። መሥሪያ ቤት ታምሜአለሁ ብዬ ልኬአለሁ። በስድስት ዓመት የታይፒስትነት ሥራዬ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ አላፈርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስለሺ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። ስለሺ ደግሞ ብርድ አይችልም። ከልጅነቱ ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቱ ሲያፏጭ ያድራል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ የበግ ጠጉር አጥቤ፣ በእንዝርት ፈትዬ፣ በቅጠል ቀለም ነክሬ ሹራብ እሠራለሁ። የቢሮ ጓደኞቼ «ባላገሯ» ይሉኛል። ይበሉኛ! ከሱቅ ክር የሚባል ነገር ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ ብርድ ሲመጣ የማንን በር እንደሚያንኳኩ አውቃለሁ።

የስለሺን ሹራብ ክር ጥቅምት ላይ ጎሮ ወስጄ እማማ ጫልቱ ቤት ነበር የነከርኩት። እማማ ጫልቱ ጠጉር የሚሸጡልኝ አሮጊት ናቸው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለን ክሩን ስንነክረው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ እንዴት ያምር ነበር! ደረቱ፣ ጀርባውና አንዱ እጅጌ እንዳለቀ ክር አነሰኝ። እንደገና ፈተልኩ። ከጓሮአችን ባሕር ዛፍ ቀጥፌ ደብተሬ እንደሚለው ቀቀልኩ። የወጣው ግን የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ! ደግሜ ቀቀልኩት፤ ቢጫ። ቅጠሉን እጥፍ አደረግኩት፤ ጭራሽ እንደ አደይ አበባ ፈካ።

«ተይው እቴ፣ አንዱ ቢጫ ይሁን። ፋሽን ነው» አለ ስለሺ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ቢጫ እጅጌ ከሩቅ ይታያል። ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ወንድሟ ከሩቅ እንዲታይ የምትፈልግ እህት የለችም። አውልቆ ይጥለዋል እንዳልል ደግሞ አውቀዋለሁ፣ እኔ የሠራሁትን አይጥልም።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት እጅጌ ይኖረዋል» አልኩት። «አንድ ዓይነት ቀለም!»

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ላምበረት

ውይይት ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ስለተቀመጠ እኔ ጋቢና ደረሰኝ። ሾፌሩ ዘንቢሌን አየት አየት እያደረገ ነው።

«እህት፣ ጫጩት ነው እንዴ የያዝሽው? ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል።»

«ክር ነው።»

«ራስሽ ነሽ የምትፈትይው?»

«ከበጉ ጀርባ እስከ ሰው ጀርባ ያለው ሥራ የኔ ነው።»

«በይ ለኔም አንድ ሥሪልኝ። የዚህ መኪና በር አይገጥምም፣ ብርዱ ጎኔን ጨረሰው።»

«መጀመሪያ በሩን አሠራዋ!»

እስከ ላምበረት ሲስቅ ሄደ። መውረጃው ላይ ወደ ሰሜን የሚሄዱት አውቶቡሶች ጭስ እየተፉ ቆመዋል፤ ጣራቸው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የታሰረ በግ። ከአጥሩ ሥር ቅቤ ሻጮቹ በኮባ የጠቀለሉትን ደርድረዋል። እማማ ጫልቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነሱ ጎን ነበር የሚቀመጡት። ዛሬ ቦታቸው ባዶ ነው።

«ጫልቱን ነው?» አለችኝ አንዷ ቅቤ ሻጭ። «እግሯን አሟት ከቀረች ወር አልፏታል። ቤታቸውንም ለመንደር ምሥረታ አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር አስገብተዋቸዋል። ጎሮ፣ ከወንዙ ማዶ።»

«እስከ ወንዙ ማዶ በእግር ምን ያህል ያስኬዳል?»

ጫማዬን አየችው። የቢሮ ጫማ ነው፣ ተረከዙ ሹል። «በኔ እግር ነው ባንቺ ጫማ?»

አውልቄ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩት። ካልሲዬን ደራርቤ ተነሳሁ።

ሁለት ሰዓት፣ ኬላው

ከከተማ መውጫው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠብመንጃ ያነገተ ጥበቃ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ዘንቢሌን አስከፈተኝ። መርፌዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው፣ ጓድ?»

«የሹራብ መርፌ።»

«ሹልነቱስ?»

«ካልሾለ አይሠራም።»

ደብተሬን አወጣ። አቤት ጉዴ! እኔ ደግሞ እንደ ሐኪም ትእዛዝ አሳጥሬ ነው የምጽፈው። ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ቅጠል፣ አንድ ማዳበሪያ። እሳት፣ ሁለት ሰዓት። ክሩ ሲገባ ቀስ ተብሎ፣ እንዳይነቃ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው የማይነቃው?»

«ክሩ ነው ጓድ። በአንዴ ሙቅ ውኃ ሲነካው ነቅቶ ይኮማተራል፣ ሹራቡ ለሕፃን ይሆናል።»

አላመነኝም። ገጹን ገልጦ የተሰረዘ መስመር ላይ ደረሰ፤ ጣቱን ከሥሩ አድርጎ በዝግታ አነበበ። «‹የዛገ ማረሻ ድስቱ ውስጥ ይጣላል፣ ለቡዳ።› ይሄ ለምን ተሰረዘ?»

«አሮጊቷ ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ጎጂ ባህል ስለሆነ ሰረዝኩት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። «ጥሩ ንቃት ነው፣ ጓድ። እለፊ።»

ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። ደስ ብሎኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ። ያን ደስታዬን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ጎሮ

መንገዱ የታጨደ ጤፍ ማሳ መሐል ነው። በስተቀኝ ርቆ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች፣ በስተግራ የከብት መንጋና ክምር። ካልሲው ተበሳ። ወንዙን በድንጋይ ድንጋይ ተሻገርኩ። አንዴ ተንሸራትቼ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ዘንቢሉን ግን አናቴ ላይ ነበር የያዝኩት፣ ጠብታም አልነካው።

አዲሱ መንደር በገመድ የተለካ ነው፤ ሁሉም ቤት ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሯል። እማማ ጫልቱ ደጃቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አያ! የከተማዋ ልጄ! ጫማሽን ማን ወሰደብሽ?» አሉ።

«ዘንቢሌ ውስጥ ነው እማማ። እግርዎ እንዴት ነው?»

«ይሄ እግር የፈረሰው ቤቴ ጋ ቀርቷል። ተቀመጪ።»

ቢጫውን ክር ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት፤ አጠገቡ ጥቁር አረንጓዴውን እጅጌ። ሰኞ ጠዋት ማን እንደሚሄድ፣ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። አሽተቱት፣ በጣታቸው አሹት።

«ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው። ክሩም አያሳፍርሽም። ማረሻውን ጣልሽ?»

ደብተሬን ገልጬ የሰረዝኩትን መስመር አየሁ።

«አልጣልሽም» አሉ።

«እማማ፣ እሱ እኮ ለቡዳ ነው ብለውኝ...»

«አዎ፣ ለቡዳ ነው! ብረት ከሌለበት ዓይን ይበላዋል። ይኸው በላው!» ቢጫውን ክር አንስተው አሳዩኝ። «እናቴም ትጥል ነበር፣ የእናቴም እናት። አንቺ ግን ያን ቀን የፈረሰው ቤቴ ደጅ ቆመሽ ስለ ሳይንስ ሰበክሽኝ።»

ሰብኬአለሁ። ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ጥቅምት ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እሳት ለሚያነዱልኝ ሴትዮ ስለ አጉል እምነት የቀበሌ ስብሰባ ንግግር አደረግኩላቸው። ቡዳው ይቅር፤ ቀለሙን የሚያጠቁረው ግን ለካ የብረቱ ዝገት ነበር። እኔ ቅጠሉን በሚዛን፣ እሳቱን በሰዓት ለክቼ ጽፌ ዋናውን ነገር በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። ምን ልበል? አፈርኩ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ማረሻው የት ነው? አሁኑኑ እንጣደው።»

«ማረሻውንማ የገበሬ ማኅበሩ ወሰደው፣ ከበሬው ጋር።»

አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ! እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና እያነከሱ ወደ ጓዳ ገቡ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ፤ ሲነቀነቅ ይንኳኳል።

«ቤቴን ሲያፈርሱት ከኋላቸው እየሄድኩ የለቀምኩት ሚስማር ነው» አሉ። «እንጨቱን ወሰዱት፣ ቆርቆሮውን ወሰዱት። ሚስማሩን ማንም አልፈለገውም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ እንዴት መሬት ላይ ልተወው?»

ቆርቆሮውን ከፈቱት። ሁሉም የጎበጠ፣ ሁሉም የዛገ።

ቅጠል ለቅሜ፣ ውኃ ቀድቼ፣ እሳት አነደድኩ። ቅጠሉ ሲበስል እማማ ሚስማሩን በጨርቅ ቋጥረው ድስቱ ውስጥ ጣሉት፤ ከንፈራቸው የሆነ ነገር አጉተመተመ፣ አልጠየቅኩም። ክሩን አስገባሁ። አንድ ጊዜ አገላበጥኩት፣ ቢጫ ነው። ሁለተኛ አገላበጥኩት፣ ጫፉ ጠየም አለ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ቢጫው ከውስጡ ሸሸ። እልል ማለቴን ያወቅኩት ጎረቤት ሲወጣ ነው።

ስሰነባበት እማማ ጫልቱ ከሚስማሮቹ አጠር ያለውን መርጠው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ለወንድምሽ። ልብሱ ላይ ስፊለት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ በዚህ ነገር አላ...»

«አውቃለሁ አታምኚም። ማመኑን ለኔ ተይው፣ አንቺ መስፋቱን ስፊ።»

ተቀበልኩ።

ስምንት ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

እርጥቡን ክር የተዘረጋ ጃንጥላዬ ሽቦዎች ላይ ሰቅዬ፣ ፀሐዩን ተከትዬ አዞረዋለሁ። የጤፍ ክምር ላይ ያሉ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው አዩኝ። ኬላው ላይ ያ ጥበቃ ጃንጥላዬን፣ አረንጓዴ የሆኑ እጆቼን፣ የተበሳ ካልሲዬን አየ።

«ጠዋት ቢጫ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽው?»

«የሰረዝኩትን መለስኩበት» አልኩት። ሳይገባው አሳለፈኝ።

ላምበረት ላይ ያንኑ ሾፌር አገኘሁት። ጋቢና እንደተቀመጥኩ ክሩን ጠቅልዬ እጅጌውን በሃምሳ የሹራብ ዓይን ጀመርኩ። መንገዱ ጉድጓድ በሆነ ቁጥር አንድ ዓይን ያመልጠኛል። «ጉድጓድ ሲኖር ንገረኝ» አልኩት። እስከ ሃያ ሁለት «ያዢ! ልቀቂ! ያዢ!» እያለ ነዳ፤ ከኋላ ያሉትም አብረው ማለት ጀመሩ።

እሑድ

ቀበሌ ስብሰባ ነበረ። ሄድኩ፤ መርፌዬም አብሮኝ ሄደ። ስለ ምርት ዘመቻ ሲነገር የእጅጌውን ክርን አለፍኩ። እጃችሁን አውጡ ሲባል ከነሹራቡ አወጣሁ። እማዬ ስንቅ ስታዘጋጅ ውላለች፤ ጭብጦ እየለወሰች በየመሐሉ መጥታ እጅጌውን በስንዝር ትለካለች፣ ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። ቀን ሳይመሽ ጨረስኩ። ሁለቱን እጅጌዎች መስኮቱ ላይ አጋጥሜ አየኋቸው። የቱ የጥቅምት እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

ሚስማሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ትቼው ተነሳሁ። ተመለስኩ። ጫፉን ድንጋይ ላይ አደነዝኩ፣ በክር ጠቀለልኩት፣ ከታችኛው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ አስገብቼ ሰፋሁበት።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቀበሌው ደጃፍ

ሦስት የጭነት መኪኖች ቆመዋል። እናቶች አጥሩን ይዘዋል። ስለሺ ሹራቡን ለበሰው፤ ትከሻው ልክ፣ እጁ ልክ። ጠርዙን ወደ ታች ሲጎትት ጣቱ ቆመ።

«እቴ፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«ክብደት ነው። ወደ ላይ እንዳይሸበሸብ።»

ዳሰሰው። ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ስለ እማማ ጫልቱና ስለ ማረሻቸው እየሳቅኩ የነገርኩት ለእሱ ነበር።

«ሚስማር ነው አይደል? ጎጂ ባህል ያልሽው...» ብሎ ሳቀ።

«ዝም ብለህ ልበስ!» አልኩት። ጠርዙን ከጣቱ አስለቅቄ ወደ ታች ሳብኩለት። ያኔ እሱም መሳቁን ተወና አቀፈኝ። ደረቱ አላፏጨም።

መኪናው ሲነሳ እጁን አወጣ። እጅጌው አረንጓዴ ነው፤ ሌላውም እጁ፣ ለሌሎቹም ልጆች የታደለው ልብስ፣ የመኪናው ሸራም አረንጓዴ። ማዞሪያው ጋ ሳይደርስ የትኛው እሱ እንደሆነ ጠፋኝ። እኔ ራሴ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩ። ከተሰረዘው መስመር ሥር በንጹሕ ጽሑፍ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የዛገ ብረት፣ አንድ ጭብጥ። እማማ ጫልቱ እንዳሉት። እንዳይሰረዝ።»