ባልዲው በአሥራ አምስት ጣሳ ነው የሚሞላው

እኔ በያጅ ነኝ። ጣሳ በሉ ባልዲ፣ በርሜል በሉ ቧንቧ፣ ምን አለፋችሁ፣ ያፈሰሰ ነገር ሁሉ ወደኔ ይመጣል፤ ደፍኜ እመልሳለሁ። ከደፈንኳቸው ሁሉ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ አለች፤ እሷን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ አትታዘቡኝ። የምነግራችሁ ስለ ታላቅ እህቴ ነው።

እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሳሙና ፋብሪካ ደባላቂ ሆና ሠርታለች። ፋብሪካ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክረምት ከበጋ የሚያንጠባጥብ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ መሀል ላይ አንድ ትልቅ የብረት ድስት፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ በርሜሎች፣ ሳሙና የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የኔ መበየጃ። በቃ ይኸው ነው። ድስቱ ውስጥ ያለውን ዘይት ከሶዳ ውሃ ጋር የምትደባልቀው እሷ ናት። የሶዳ ውሃ ደግሞ እንደምንጠጣው ውሃ አይደለም። ካነሰ ሳሙናው አይረጋም፤ ከበዛ ሳሙናው የነካውን እጅ ይልጣል። ልኩን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ልኬ» ይላታል።

መለኪያዋ አንዲት ጣሳ ነበረች። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር ጣሳዋን ጢም አድርጋ ሞልታ ስትሄድ ሶዳው ፈሰሰና አንጓዋን አቃጠላት፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በማግስቱ ከጣሳዋ አፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብላ በሚስማር በሳቻት። ከዚያ ወዲህ ከበርሜሉ ስትቀዳ ትርፉ በቀዳዳዋ እየተንዠቀዠቀ እዚያው በርሜሉ ውስጥ ይመለሳል። መንዠቅዠቁ ሲያቆም ጣሳዋ ልኳን ይዛለች ማለት ነው። ለአንድ ድስት ዘይት ሠላሳ ጣሳ ሶዳ፣ ከዚያ ወዲያ ዝንፍ የለም።

የቀረውን ዕቃ ሁሉ በዚያች ጣሳ ትመነዝረው ነበር። ጆጉ ሁለት ጣሳ ተኩል፣ ባልዲው አሥራ አምስት፣ ጀሪካኑ ሃያ አምስት። ወረቀት አታይ፣ ጣት አታጥፍ። አሻጊው አንድ ቀን ሊያሾፍባት፣ «እትዬ ልኬ፣ የኔ እንባ ስንት ጣሳ ይሆናል?» ቢላት፣ «ያንተ እንኳ አይለካም፤ የአዞ ነው» አለችው። እንዲህ ነበረች። ምላሷ ስለት ነው፤ ማንንም አይምርም።

እኔንም አልማረኝም። አንድ ቀን የበየድኩላት ባልዲ በስፌቱ በኩል አንጠባጠበባት። ሌላ ሰው ቢሆን ቀስ ብሎ መጥቶ ይነግረኝ ነበር። እሷ እቴ! ባልዲውን ከፍ አድርጋ ለሠራተኛው ሁሉ እያሳየች፣ «ጎበዝ፣ ይኼ ብየዳ ነው ወንፊት?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወንፊት ሆነ። ወንፊት ና፣ ወንፊት ሂድ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የአራት ልጆች አባት ነኝ። አንጀቴ አረረና አኮረፍኳት። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ በር ላይ ስንገናኝ ግድግዳ እያየሁ አልፋለሁ። እሷም አልለመነችኝም፤ ልመና የት ታውቅና!

ይኼኔ ነው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው። ሸሚዙ የነጣ፣ ብዕሩ ደረት ኪሱ ላይ የተሰካ፣ ዕድሜው ከእህቴ የሥራ ዘመን ብዙም የማይበልጥ ሰው። በመጣ በሳምንቱ ሰበሰበንና፣ «ከእንግዲህ ጣሳ፣ ባልዲ፣ ጆግ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በሊትር ይሆናል» አለ። እውነት ለመናገር ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እህቴም አልተቃወመችም። ጣሳዋን ራሷ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና፣ «ጌታዬ፣ ይቺ የምትለካው እስከ አፏ አይደለም፣ እስከ ቀዳዳዋ ነው» አለችው። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ የበር ማጠፊያ እበይድ ነበር፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እናቴ፣ የተበሳ ዕቃ መለኪያ አይሆንም» አላት፣ ፈገግ ብሎ።

በዚያው ሰሞን ጥርሷ ጉንጯን አሳበጠውና የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ሐኪም ቤት ሄደች። እሷ በሄደች በመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጣሳዋን ይዞ ወደኔ መጣ። መያዣዋ ላይ እህቴ ለምልክት የጠመጠመችው ቀይ ሽቦ አለ።

«ይቺን ቀዳዳ ድፈንልኝ። እያፈሰሰች እንዴት ልለካት?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «አይሆንም፣ ቀዳዳዋ ራሷ ናት ልኳ» ማለት። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ያ ሳቅ ትዝ አለኝ። ወንፊት! ቆይ፣ ወንፊት ያለችኝን አሳያታለሁ አልኩ በሆዴ። ስታኞዬን አቅልጬ ደፈንኳት። እንዴት አድርጌ መሰላችሁ! ፊቷን በጨርቅ ጠርጌ፣ በመዶሻዬ ጭራ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ሦስት ነጥብ አትሜባት፣ ውሃ ሞልቼ ብርሃን ላይ አየኋት። ላብ እንኳ አልወጣትም። ሰጠሁት።

እሱም ሞልቶ ለካት፤ ልክ አንድ ሊትር ያዘች። ወረቀቱ ላይ «ሠላሳ ጣሳ ማለት ሠላሳ ሊትር» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ የሥራ አስኪያጁ ረዳት በዚያው ወረቀት አንድ ድስት ሳሙና ደበለቀ። በሦስተኛው ቀን ሲረጋ ቆራጮቹ ሳሙናውን መቁረጥ ጀመሩ። ሳቂታ የምንላት ቆራጭ አለች፤ የሁለት ዓመት ሕፃን የምታጠባ ልጅ። ምሳ ሰዓት ላይ መዳፏ ተልጦ፣ እጇን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትጮህ አገኘናት። ከእሷ ጋር ሁለት ሴቶች። እኔ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ያኔውኑ ነቀዘ።

እህቴ ጥርሷን አስነቅላ በተመለሰች ቀን ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ ያደረግኩት የእናታችንን መለኪያ ወደ ሊትር መቀየር ብቻ ነው። ቅየራው ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ልኳ ላይ ነው» አለ። ሳቂታ እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ከፊት ተቀምጣለች። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ የሦስት ሴቶችን እጅ ያቃጠለው የእህቴ ልክ ነው ወይስ የሱ ወረቀት? የሷ ነው ከተባለ በዚያው ቀን ትባረራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያከበሯት ሴቶችም በመርገም ይሸኟታል።

እህቴ ብድግ አለች። «ባልዲ አምጡልኝ» አለች። «ባልዲው ላይ አሥራ ሁለት ሊትር የሚል ተጽፎበታል። በኔ ጣሳ ግን በአሥራ አምስት ነው የሚሞላው። እንግዲህ ጣሳዬ ከሊትር ታንሳለች ማለት ነው። ቆጥራችሁ እዩ።»

ጣሳዋን ሰጧት። ከውሃው በርሜል ቀድታ ከፍ አደረገቻትና እንደ ልማዷ መንዠቅዠቁን ጠበቀች። ምንም የለም። ጣሳዋን አዞረቻት። አውራ ጣቷ የቀዳዳዋን ቦታ ዳበሰ፤ ሦስቱን ነጥብ አገኘ። ያን ምልክት ፋብሪካው በሙሉ ቢረሳው እሷ አትረሳውም። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

የሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ይጮሃል አይደል? «ደፍነዋታል!» ይላል። እሷ ውሃውን ባልዲው ውስጥ ደፋችና ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «አንድ» አለች። ቀዳች። «ሁለት።» እያወቀች፣ እናንተዬ! እንደምትዋረድ እያወቀች ቆጠረች። አሥራ ሁለት ላይ ባልዲው ጢም አለ። አሥራ ሦስተኛውን ስትደፋ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። አሻጊው ሳቀ።

«ዕድሜ ነው፣ እናቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ዕቃዎን ይሰብስቡ።»

ሽርጧን ፈታች፣ አራት ቦታ አጠፈች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ የአህያ ባል፣ ከጅብ የማላስጥል፣ በር ላይ ደረስኩባት።

«አየሻት አይደል?»

«አየኋት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር 'በያጁ ነው ያበላሸው' ብሎ አንተን ነው የሚያባርረው። አራት ልጆች አሉህ። እኔ ምን አለኝ? የነበረኝን አንድ የታመመ ጥርስም አስነቅያለሁ። ሂድ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል።»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ገና ወረቀቱን እያጠፈ ነው። ጣሳዋን ከጠረጴዛው መነተፍኩና መበየጃ ብረቴን አጋልኩ። አንቱ ማለቱ እንኳ ጠፋኝ።

«ድፈን ያልከኝ አንተ! የደፈንኩት እኔ! እህቴ ምን አጠፋች? ቀዳዳዋ ናት ልኳ ብላ ነግራህ አልነበረም? እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ!»

ብረቱን አስነካኋት። ስታኞዋ ቀልጣ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለች፤ አሮጌዋ ቀዳዳ ብቅ አለች። ሳቂታ በፋሻ እጇ በሩን ገፍታ ወጣችና እህቴን ከመንገድ መለሰቻት። እህቴ ጣሳዋን ተቀበለችኝ፤ ፊቴን አላየችም። ቀዳች፤ ውሃው በቀዳዳዋ ተንዠቀዠቀ፣ አቆመ። «አንድ» አለች። አሥራ ሁለት ላይ ባልዲው ገና ጎዶሎ ነበር። አሥራ አምስተኛዋ ስትገባ ውሃው ከባልዲው አፍ እኩል ሆነ፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

ማንም አላጨበጨበም። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እሺ፣ ሠላሳው በሃያ አራት ሊትር ይስተካከል። ወደ ሥራችሁ» አለ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ! ሳቂታ ሁለት እጆቿን አፍንጫው ሥር ዘረጋች። «የኔስ እጅ? እሱስ በስንት ይስተካከላል?»

እሱ ወደኔ ዞረ። «አንተ ግን፣ ታውቅ ከነበረ ለምን ዝም አልክ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ያውም ከማይገባው ሰው አፍ። እህቴ ቀደመችኝ። «እሱስ አኩርፎኝ ነው ዝም ያለው። እርስዎ ግን ነግሬዎት ነበር።»

ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወጣ። እህቴ ሽርጧን አስራ ወደ ድስቷ ተመለሰች። እኔም አልተባረርኩም፤ ለምን እንዳልተባረርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ያቺን የወደቀች የስታኞ ጠብታ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ኖሮ መዶሻዬ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«አሥራ ሦስት ጊዜ ስቀዳ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም» አለች። «ላብ እንኳ አልወጣትም። ጥሩ ብየዳ ነበረች።»

ይኼን ቃል ከአፏ ስጠብቅ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷም ጣሳዋን ይዛ ወደ ሶዳው በርሜል ሄደች።