ውሃ የቋጠረ ጉበት

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን ጠርዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከሥሩ የተቋጠረውን ክር በመርፌ ጫፍ ቀስ እያለች ትፈለቅቃለች። ቋጠሮ በእሷ ቤት ወይ በትዕግሥት ይፈታል፣ ወይ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሌላ ዕጣ የለውም። ያን ሳምንት ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

ጉበቷን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ጉበቷን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል ብለው ሐኪሞች ነግረዋታል። ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን እየዋጠች፣ ድካሙ ሲብስባት ጋደም እያለች፣ ከሕመሟ ጋር ተላምደው ይኖራሉ። አሁን ግን በአልትራሳውንድ ያያት ባለሙያ፣ "ጉበትዎ ውሃ ቋጥሯል፤ ዶክተሩ ያስረዱዎታል" ብሎ ሰደዳት። የዶክተሩ ቀጠሮ ደግሞ ለሳምንት ነው።

"እንግዲህ መቀስ ነው" አለች በልቧ። ሆዷ ከተቀደደ በኋላ ስፌት መኪናዋ ላይ ተመልሳ መቀመጧን እንጃ።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ፍርሃቷን በቀልድ ሊያባርርላት ይሞክራል።

"እኔ ላይ የቋጠርሽው ቂም ነዋ!"

"እሱማ ቢሆን ጉበቴ መች ይበቃው ነበር!" አለችው፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሩ፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ምስሉን ወደ እሷ አዞረላት። የካፖርት ቁልፍ የሚመስሉ ጥቁር ክቦች አየች።

"ውሃ የያዙ ከረጢቶች ናቸው፣ እማማ። ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛሉ። ክፉ ነገር አይደሉም።"

"መቼ ነው የሚቆረጡት?"

"ለምን ይቆረጣሉ? ካላስቸገሩዎት አንነካቸውም። ክትትል የሚፈልገው የድሮው ሕመምዎ ነው፤ ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ።"

"ሳይፈቱ፣ ሳይቆረጡ... እንዲሁ?"

"እንዲሁ።"

እንዲህ ያለ ቋጠሮ በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ አብሯት የመጣው ባሏ፣ "መጀመሪያ እህትሽ ጋ እንሂድ፤ ላንቺ ፈርታ ስታለቅስ ነው የከረመችው" አላት።

"እሺ፣ ብቻ የስፌት ሱቄ መንገዳችን ላይ አይደል? አንዲት እጅጌ ላያይዝና እንሄዳለን።"

አንዷ እጅጌ ሁለተኛዋን ጠራች፤ አንገትጌው ተከተለ። ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "አንቺ ሴት፣ እህትሽን!" ይላል።

"መጣሁ፣ መጣሁ" ትላለች፤ እግሯ ግን ከስፌት መኪናው መርገጫ አይነሣም። እህቷ ጋ ሳይሄዱ መሸ።