የእትዬ ሜትር ልጅና የአክስቷ ስልክ

የመለኪያ ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። በሴት ቀሚስ ማንም አይደርስባትም፤ የእህቷ ነገር ሲነሳ ግን እጇ ይሳሳታል።

ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሱቃቸው ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት ብቻ ሳይሆን ሳቁም ያልፋል። ከሰሞኑ ደግሞ ከሚስቁት አንዷ የእትዬ ሜትር የገዛ ልጅ ሆናለች። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ይህች ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እናቷ ጋ ወርወር ታደርግና ወደ አክስቷ ትሮጣለች። እናት «አልደረስሽም» ብላ ስልክ ከልክላለች። አክስት ግን «እንኪ» ማለት ታውቅበታለች።

አንድ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ፣ ዙሪያዋን መርፌ ተሰክቶባት እንደቆመች፣ «የልጅሽ አፍ እንዴት ማር ነው እባክሽ!» አለች።

«የት አየሻት?»

«እህትሽ በምትለጥፈው ቪዲዮ ነዋ! እሷ ሹሩባ ስትሠራ ልጅሽ ታወራለች። ‹የአክስቴ እጅ ወርቅ ነው› ስትል አንጀት ትበላለች።»

እትዬ ሜትር መርፌዋን ሰካች። ወርቅ! ልጅቷ የለበሰችው ዩኒፎርም ከኮሌታው እስከ ጠርዙ የማን እጅ ሆነና ነው? ደንበኛዋ እንደወጣች የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠችው። ስትጨርስ ቀሚሱን አንስታ አየችው፤ የግራው እጅጌ በቀኝ ተገጥሟል። ለማጅ ቢሠራው የሚሳቅበት ስህተት ነው።

ምላጭ አንስታ መተርተር ጀመረች። እሷ ቤት፣ ለማጅ የደንበኛ ጨርቅ ላይ መቀስ የሚያሳርፈው የራሱን ስፌት ጨርቁን ሳይጎዳ መተርተር ሲችል ነው። መስፋትማ ማንም ይሰፋል፤ ደረሰ የሚባለው ያበላሸውን መፍታት የቻለ ነው።

ልጅቷ ገባች። «እማዬ፣ የማንን ቀሚስ ነው የምትፈቺው?»

«ምነው፣ የአክስትሽ ወርቅ እጅ ይፍታው?»

ልጅቷ ክው አለች። «አየሽው?»

«ሰው አየልኝ። እኔማ ማን ያሳየኛል!»

«እንዳትቆጪ ፈርቼ ነው። ሁልጊዜ ‹አልደረስሽም› ትያለሽ። መቼ ነው የምደርሰው? ንገሪኛ!»

እትዬ ሜትር አንድ ዕድሜ ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። የያዛት የልጅቷ ዕድሜ ሳይሆን የራሷ ቅናት መሆኑን አላጣችውም። ስለዚህ ለማጅ እንደምትጠይቅ ጠየቀቻት።

«እስኪ እዚያ ስልክ ላይ ያበላሸሽው ነገር አለ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች። «አንድ የክፍላችን ልጅ ‹አፍሽ ትልቅ ነው› ብላ ጻፈችብኝ። እኔም ስለ ጥርሷ ጻፍኩባት። ሁሉም ሳቀ። በማግስቱ አፏን በእጇ ሸፍና መጣች።»

«ከዚያስ?»

«አጠፋሁት። ግን ያየው አይቶታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ዘግታኝ ነበር፤ አሁን አብራኝ ትቀመጣለች።»

እትዬ ሜትር ምላጩን አስቀመጠች። ይህን ስንት ትልቅ ሰው አያደርገውም። ሊያኮራት ሲገባ ግን ሌላ ጥያቄ ቀደመባት።

«ይሄን ሁሉ ለማን ነግረሽ ነበር?»

«ለአክስቴ።»

እንደ እሳት ለበለባት። ልጇ አልቅሳ ከሆነ እንባዋን የጠረገችው ያቺ ናት፤ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ቁልፍ ትተክል ነበር። ለካ ስልኩን ስትከለክል የልጇን ወሬ ጠቅልላ ለእህቷ ሰጥታ ኖሯል!

ተነስታ ጎረቤት ገባች። እህቷ ማበጠሪያዋን የደንበኛ ፀጉር ውስጥ እንደሰካች «እህት ዓለም፣ ምነው ፊትሽ?» አለቻት።

«ልጄ ለስልክ ደርሳለች፤ እገዛላታለሁ። ያንቺን ለራስሽ ያዢ።»

«ወይ ጉድ! ስንት ጊዜ ለምኜሽ እምቢ ያልሽ ሴትዮ! ማን አሳመነሽ?»

«አንቺ አይደለሽም።»

ተከትላት የገባችው ልጅ ከኋላ ተጠመጠመችባት።

«ቆይ! ማታ ማታ ስልኩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ደግሞ ክፉ የጻፈብሽ ወይ የጻፍሽበት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«አክስቴስ?»

«ሁለተኛ።»

ፀጉር ሠሪዋ በሳቅ ፈነዳች፤ ደንበኛዋም ተከተለቻት። እትዬ ሜትር አልሳቀችም። ወደ በሩ እያመራች፣ «ቪዲዮ መቅረጽ ካማረሽ» አለቻት ልጇን፣ «ነገ የምሰፋው የሙሽራ ቀሚስ ነው። ብርሃኑም እኔ ጋ ይሻላል።»