የመርማሪው አህያ የመጨረሻ ገጽ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። መሸጥ አላልኩም፤ ማከራየት። ደንበኛ ሳንቲሙን ይሰጠኛል፣ ባሰለፍኩለት ብሎኬት ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ መልሶልኝ ይሄዳል። ይዞ እንዳይሮጥ ዓይኔን አልነቅልም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ሰው የትኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሻይ እንደሚያምረው፣ የትኛው ላይ ሲደርስ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንደማይነሳ አውቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ የሚከራይ ነገር እየሳሳ መጣ። ግማሹን መጽሐፍ እኔው ፈርቼ ደበቅኩት፤ የቀረው በነጻ ቢሰጥም የሚያነበው የለም። ያኔ ያዳነኝ ጓደኛዬ ሰዓሊው ነው። እንጀራው የሥጋ ቤት በር ላይ በሬ መሳል ነበር። በሬዎቹ ነገ እንደሚታረዱ የሚያውቁ ይመስላሉ፤ ባለሥጋ ቤቶቹ «ትንሽ ፈገግ አድርገው እንጂ!» እያሉ ይነዘንዙታል። አንድ ቀን በደብተር ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ ገጹን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ የሳለውን ታሪክ ይዞልኝ መጣ። ባለታሪኩ አሮጌ ካቦርት የለበሰ አህያ ነው፤ ወፍጮ ቤት እህል እያመላለሰ ሌባ የሚይዝ መርማሪ።

«አህያ ደግሞ ምን ይመረምራል?» ብዬ ሳቅኩበት።

«አህያ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ዘመኑ ሰው ግድግዳ ፊት እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ነበር። ነገሩ ገባኝ።

ማተሚያ ቤት አላየውም፣ ፈቃድም አልጠየቅንበት። በወር አንድ ደብተር፣ ያውም አንድ ቅጂ ብቻ። ሰው ወረፋ ይዞ አነበበው። «ጋሼ አህያ ወጡ?» እያሉ ይመጣሉ። አንዱ ነገረኛ «ጓድ አህያ በላቸው እንጂ» ቢል ሰዓሊው፣ «ተው ባክህ፣ የሚሸከሙት ይበቃቸዋል» አለው።

እኔ ግን አላረፍኩም። የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ ደረት ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ሌባውን ማወቅ የፈለገ ሌላ ሳንቲም ይጨምራል። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ሌላ ብልሃት ዘየድኩ፤ ከደብተሩ ጀርባ ባዶ ወረቀት ሰፋሁና «ሌባው ማን ይመስልሃል? ጻፍ። ካወቅክ መጨረሻውን በነጻ ታያለህ» አልኩ።

ሰዓሊው አልወደደውም። «በዚህ ጊዜ ለሰው እስክሪብቶ አታስጨብጥ» አለኝ።

«አንተ ሳል፤ ንግዱን ለእኔ ተው» አልኩት።

አምስተኛው ደብተር ላይ ከኅብረት ሱቅ ስኳር ይጠፋል። ያኔ ስኳር በራሽን ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈህ፣ ተራህ ሲደርስ «አልቋል» ተብለህ የምትመለስበት። በታሪኩ የሚጠረጠሩት ድመቷ፣ አይጡና ጅቡ ናቸው። አንባቢው ግን ድመትም አይጥም ብሎ አልጻፈም። አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ፣ የሰፈራችንን የኅብረት ሱቅ ኃላፊ ስም ከነአባቱ ደረደሩት። አየሁት፤ ሳቅኩም። መቅደድ ነበረብኝ፤ ወረፋው ረዝሞ ስለነበር ተውኩት። በማግስቱ አንዱ ተከራይ ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ተሰወረ።

በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም ቀበሌ ጠሩን። ደብተሩ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«ማነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰዓሊው።

«ሌባው ማነው?»

«ጉንዳን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጆንያው ቀዳዳ ነበረው፤ ጉንዳን ነው የጨረሰው። የሰረቀ ሰው የለም። መጨረሻው ገጽ ላይ አለ።»

ሊቀመንበሩ ገለጠ፤ ገለጠ። «የታለ መጨረሻው ገጽ?»

ሰዓሊው ወደ እኔ ዞረ።

ገጹ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ባወጣው ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄዋለሁ፤ ለምን ቀደድከው? ስም ያስጻፍከውስ አንተ ነህ?

«እኔ እንደመጣልኝ ነው የማከራየው» አልኩ። «መጨረሻ ሲኖረው አላየሁም።»

«ስሙንስ ማን አስጻፈ?»

«ምን አውቄ ጓድ! እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ።»

ሰዓሊው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል አልተናገረብኝም። እሱን ወሰዱት፤ እኔን «ሁለተኛ ማዞሪያው ላይ እንዳናይህ» ብለው ለቀቁኝ።

ቤቴ ገብቼ ገጹን ክብሪት ጫርኩበት። ጉንዳኖቹን ደህና አድርጌ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ እያንዳንዷ አንዲት ፍሬ ስኳር ተሸክማለች፣ አህያው ደግሞ ዳር ይዞ መንገድ ለቆላቸዋል።

ስምንት ወር ቆየ። ሲፈታ ያው ቀበሌ ግድግዳ ላይ መፈክር ጸሐፊ አደረገው። እኔ ያኔ መጽሐፉን ትቼ በሳሙናና በሻማ እነግድ ነበር። አንድ ጠዋት የቀለም ባልዲውን እንዳንጠለጠለ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ገጿን ስጠኝ» አለኝ።

«አቃጠልኳት።»

«መቼ?»

ልዋሸው አስቤ ነበር። ውሸት ደግሞ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ግን አፌ አልታዘዘም። «ያን ቀን» አልኩት።

ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ እኮ ዛሬ ፈርቶ ነው፣ ነገ ያመጣታል ስል ነው የከረምኩት። አብረውኝ ለታሰሩትም ነግሬያቸው ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹ጓደኛህ መጣልህ› ይሉኝ ነበር።»

እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ቀለም ነው። አንድ ሳሙና አንስቼ ዘረጋሁለት።

«በሳሙና አይለቅም» አለኝ። «ጋዝ ነው የሚያስለቅቀው።» ባልዲውን አንስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ።